ጋሽ ውኃልክና የከተማው የቤት ዕጣ

ሰው ከሰው ጋር ሲጣላ ገላጋይ አያጣም። ከገዛ ሐሳቡ ጋር የተጣላውን ግን ማን ያስታርቀዋል? ክፉ ሐሳብ አብሮት ያድራል፣ አብሮት ይነሣል፤ እሱም ጠላቱን እንደ ወዳጅ አቅፎ ዕድሜውን ይገፋል። ይህ ታሪክ እንዲህ ያለውን ወዳጅ መሳይ ሐሳብ ብዙ ዘመን ይዘው ኖረው፣ በመጨረሻ ገላጋይ ስላገኙ አንድ አናጢ ነው።

አናጢው ጋሽ ውኃልክ ይባሉ ነበር። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን የሰው ቤት በእንግድነት ገብተው እንኳ የቀረበላቸው ጠረጴዛ ዘመም ያለ እንደ ሆነ፣ ውኃ ልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሳይለኩ፣ ከእግሩ ሥር ወረቀት አጥፈው ሳያስገቡ እህል አይቀምሱም ነበርና ሰፈሩ ይህን ስም ሰጣቸው። እሳቸውም አልጠሉትም፤ «ጠማማ ከመባል ይሻላል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያ እየጣለ ጋሽ ውኃልክ ቤት ይለቁ ነበር። በሠርጋቸው ዓመት በገዛ እጃቸው የሠሩት ቁም ሣጥን በእጅ ጋሪ ላይ ተጋድሟል፤ የጋሪው አንድ ጎማ ጉድጓድ ገብቶ አልወጣም ብሏል። ጋሪ ገፊው ከኋላ ይገፋል፤ እሳቸው ከፊት ይጎትታሉ። ባለቤታቸው ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆመው ፍራሹን በላስቲክ ይሸፍናሉ፤ ደግሞ ያቆሙና ያስላሉ፤ ደግሞ ይሸፍናሉ።

በዚህ መካከል ከሥራ የምትመለስ አንዲት ወጣት ጃንጥላዋን አጥፋ ትከሻዋን ለጋሪው ሰጠች። ሦስቱ ባንድ ላይ ቢገፉት ጎማው ወጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ማን ልበል?» አሉ ጋሽ ውኃልክ ላባቸውን ከዝናቡ ጋር እየጠረጉ።

«ረሱኝ እንዴ ጋሼ? የዳቦ ቤቷ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ስገባ የመጻፊያ ጠረጴዛ ሠርተውልኝ ነበር።»

«አንቺ! ያቺ አፍንጫዋ የማይደርቅ?»

«ራሷ ነኝ። ዛሬ እንኳ የሰው አፍንጫ የምጠርግ ሆኛለሁ። ነርስ ነኝ፤ እዚህ ጤና ጣቢያ።»

«እሰይ! እናትሽ ይህን አይታ ቢሆን!» አሉና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጉ።

«ግን በዚህ ዝናብ ወዴት ነው? ቤት ቀየሩ?»

«ቤቱ ነው እንጂ እኛን የቀየረን። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ክፍሉ ለሙሽሮቹ ተፈለገ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ባለቤት ናቸው። ባለቤት ያሻውን ያደርጋል፤ ተከራይ የተባለውን ያደርጋል።»

ነርሷ ይህን ሰምታ ዝም ብላ ልትሄድ አልቻለችም። የባለቤታቸውን ሳል እያዳመጠች፣ አንዱን ዕቃ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ እስከ አዲሱ ቤት ድረስ ሸኘቻቸው።

አዲሱ ቤት አዲስ አልነበረም። ከአንድ ግቢ ጀርባ የተቀጠለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሮ ረጥቧል፤ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ አከራይዋ ወጥ ቤት ነው። አከራይዋ ገና ዕቃው ሳይወርድ መጥተው ሕጋቸውን ነግረዋል፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ክልክል፣ ውኃ ከፈረቃ ውጪ መቅዳት ክልክል፣ ማታ እንግዳ ክልክል። ዕድሜ ልካቸውን በሚስማር ያደሩት ሰውዬ «እሺ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባ ስላለ በረንዳ ላይ ቀረ።

ባለቤታቸው ከተቋጠረ ልብስ ላይ ተቀምጠው ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱ። ነርሷ ሻዩን ተቀብላ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ስታነሣው መዳፏ ረጥቧል።

«ጋሼ፣ ይህ ግድግዳ ለእትዬ ደረት አይበጅም።»

«ቀለም እቀባዋለሁ።»

«ቀለም ርጥበቱን ይደብቀዋል እንጂ አያደርቀውም። ለመሆኑ የከተማውን ቤት ምዝገባ ሰምተዋል? ለዝቅተኛ ነዋሪ ተብለው የሚሠሩት አፓርታማዎች፣ በዕጣ የሚተላለፉት። ሰሞኑን እንደገና ተከፍቷል።»

«ሰምቼዋለሁ። በዚህ ጆሮዬ አስገብቼ በዚያኛው አስወጥቼዋለሁ።»

«ምነው ጋሼ?»

«እነዚያን ቤቶች እኔ አውቃቸዋለሁ፤ በር ገጥሜባቸዋለሁ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ መሳቢያ በይው። ዕድሜዬን መሳቢያ ስሠራ ኖሬ በስተርጅና መሳቢያ ውስጥ ልግባ? ከላይ ያለው ሲራመድ ይሰማሻል፤ ከጎን ያለው ሽንኩርት ሲያቁላላ ይሸትሻል።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ከአከራይዋ ወጥ ቤት የሽንኩርት ሽታ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን ሞላው። ባለቤታቸው ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ነርሷ ግን በአክብሮት መሬት መሬት አየች።

«እሺ ሽንኩርቱ ይቅር» አሉ ጋሽ ውኃልክ ፈገግታቸውን እየዋጡ። «ጉርብትናስ? ሁሉም በሩን ዘግቶ በሚኖርበት አገር ሰው ቢታመም ማን ይደርስለታል?»

«ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከዚህ በፊት የነበሩበት ቤት ጎረቤትዎ ማን ነበሩ?»

«አንድ ... ሹፌር ነበር። ደግ ሰው ነው።»

«ከዚያ በፊት በነበሩበትስ?»

ጋሽ ውኃልክ አሰቡ፤ ስሙ አልመጣላቸውም።

«አየ ጋሼ፣ በየጊዜው የሚነቀል ችግኝ መቼ ሥር ይሰዳል? ጉርብትናን የሚገድለው ፎቅ አይደለም፤ ዛሬ ተዋውቆ ነገ መለያየት ነው። በአንድ ደረጃ ዓመት ከዓመት የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሳይወድ በግዱ ይዛመዳል።»

«ተናጋሪ ሆነሻል» አሉ ጋሽ ውኃልክ ወደ ባለቤታቸው እያዩ። «ይሁን፣ ቤቱ ገነት ነው እንበል። ዕጣውን ግን አላምነውም። የሚወጣው ለሚያውቁት ሰው ነው። እንዲያውም አንድ ደላላ መንገዱን አሳይሃለሁ ብሎኛል።»

«ያ ደላላ ዋሽቶዎታል። ምዝገባው ክፍያ የለውም፤ መታወቂያዎን ይዘው ራስዎ ነው የሚመዘገቡት። ዕጣው የሚወጣው በአዳራሽ፣ ሰው ፊት ነው፤ ገብቶ ማየት ለማንም አልተከለከለም። አስወጣልሃለሁ የሚል ሰው የሚያወጣው ከኪስዎ ነው።»

ጋሽ ውኃልክ ነገሩን ወደ ተናጋሪዋ መለሱት።

«አንቺስ ተመዝግበሻል?»

«ተመዝግቤያለሁ።»

«ወጣልሽ?»

«አልወጣልኝም። ደጋግሞ ቀርቶብኛል። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው።»

ጋሽ ውኃልክ ጮክ ብለው ሳቁ። «ራሷን ያላዳነች ሐኪም መጣችብን በሉኛ! ልጄ፣ እኔና ዕጣ የተጣላነው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ይህን ወሬ እንተወው።»

ሳቁ ነርሷን ሳያማት አልቀረም፤ ሆኖም ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አስቀመጠች፤ «እሺ ጋሼ፣ ይሁን። እትዬን ግን ይዘዋቸው ይምጡ፤ ሳላቸውን አልወደድኩትም» ብላ ተነሣች። ባለቤታቸው እስከ ግቢው በር ሸኟትና በሹክሹክታ «አትዘኚበት» አሏት። «የኔ ባል እንጨት ነው። በመጥረቢያ ከመጣሽበት ይሰነጠቃል፤ ቀስ ብለሽ ከላግሽው ግን እሺ ይላል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍ። ብዙ ሰው የሚበጀውን ነገር የሚገፋው ስለማይገባው አይደለም። ሞክሮ ቢያጣው የሚደርስበትን ኀፍረት ፈርቶ፣ ሳይሞክር በፊት ይንቀዋል። ለናቁት ነገር አይታዘንምና። ጋሽ ውኃልክም እንዲያ ነበሩ። በዚያች ሌሊት ግን የባለቤታቸው ሳል ግድግዳውን እየነቀነቀው ሳለ፣ «ቀለም እቀባዋለሁ» ያሉት ቃል ለራሳቸውም አልጣፈጣቸውም።

ክረምቱ ገፋ። ቀለም ቀቡት፤ ቀለሙ አብጦ እንደ ቅርፊት ተላጠ። አልጋውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ቢያዛውሩት ርጥበቱ ተከተላቸው። አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ባልዲውን ሳያነሡ ቁጭ አሉና ትንፋሽ አጠራቸው። ጋሽ ውኃልክ መጋዛቸውን እንደያዙ አዝለዋቸው ሮጡ፤ መጋዙን የጣሉት ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ነው።

ሐኪሙ ባለቤታቸውን ሲመረምር ጋሽ ውኃልክ ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ዘሟል፤ ያን ቀን ግን አላዩትም። ነርሷ ወጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እንዴት ናት?»

«አሁን ተንፍሰዋል፤ አይጨነቁ። ሳንባቸው ተቆጥቷል፤ መድኃኒት ጀምረናል። ግን ጋሼ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም። መድኃኒቱ ያደረቀውን ያ ግድግዳ መልሶ ያረጥበዋል።»

ስለ ዕጣው ታነሣለች ብለው ጠበቁ። አላነሣችም።

«ከዕጣ ጋር የተጣላሁበትን ምክንያት ልንገርሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይንገሩኝ።»

«ሁለት ወንድማማቾች ነን። አባቴ ማስተማር የሚችለው አንዱን ብቻ ነበር፤ አንዱ እሱ ዘንድ ቀርቶ መጋዝ ይይዛል። ሁለት ስንጥር ተያዘልን፤ ረጅሙን የመዘዘ ይማራል ተባለ። አጭሩ ለኔ ደረሰ። ወንድሜ መሐንዲስ ሆነ፤ እኔ መሐንዲስ ያሰበውን በር እገጥማለሁ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ አልቀናሁበትም። ግን ያቺ ስንጥር እስከ ዛሬ መዳፌ ውስጥ አለች። ከዚያ ወዲህ ዕጣ በሚጣልበት ቦታ ቆሜ አላውቅም።»

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዕጣ ይጣል ያሉት አባትዎ ናቸው?» አለች።

«አባቴማ መች! እሱ በኩሬን ነው የምልከው ብሎ ጨርሶ ነበር። እናቴ ናት። 'ሁለቱም ከአንድ ማሕፀን ነው የወጡት፤ ዕጣ ካልተጣለላቸው እህል አልቀምስም' ብላ ተኛች። እሷ ናት አባቴን ያሸነፈችው።»

«እንግዲያው ዕጣ ባይኖር ኖሮ የሚማረው ማን ነበር?»

«ወንድሜ ነዋ! ምን ጥርጥር አለው?»

«ዕጣ ሲጣልስ?»

«ዕጣ ሲጣልማ ... ግማሽ ተስፋ ...»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ውኃልክ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው፣ ያንን ቀን በዚህ በኩል አይተውት አያውቁም ነበር።

«አዩ ጋሼ» አለች ነርሷ። «የወሰደብዎት ዕጣው አይደለም። የወሰደብዎት ሁለት ልጅ ማስተማር ያልቻለ ድህነት ነው። ዕጣውማ እናትዎ ተሟግተው ያመጡልዎት ግማሽ ተስፋ ነበር። ያን ቀን ሳይቀናዎት ቀረ፤ ግን የእናትዎን ስጦታ ጠላት ማድረግ ደግ አይደለም።»

አናጢው አንገታቸውን ደፉ።

«እኛ ገንዘብ የለንም» ቀጠለች፤ «ቤት የሚያድል ቢሮ የተቀመጠ ዘመድ የለንም። እንደኛ ያለው ሰው ከባለ ዘመድ ጋር እኩል የሚቆምበት ቦታ ቢኖር ዕጣ ፊት ነው። ዕጣ ዓይን የለውም፤ ጉቦም አይበላም።»

«ቢቀርብኝስ? ሰው ሁሉ እያየ?»

«ቢቀርብዎት ዛሬ ካሉበት አይወርዱም፤ ስምዎም ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል። ያልተመዘገበ ሰው ግን ዕጣው ሳይወጣ በፊት ነው የቀረበት። እኔ ደጋግሞ ቀርቶብኛል ስልዎ ሳቁብኝ። የሚገርመው፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንድቆጥብ ያስተማረኝ ያ ምዝገባ ነው። ቤቱ ገና አልደረሰኝም፤ ቁጠባው ግን ሰው አድርጎኛል።»

«ስስቅብሽ አስቀይሜሻለሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» ቀጥለው ደግሞ፣ «አምስተኛ ፎቅ ቢደርሰንስ? እሷ በዚህ ትንፋሽ እንዴት ትወጣለች?» አሉ።

ነርሷ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ሰው ደረጃውን መቁጠር ከጀመረ ቤቱን በልቡ ገብቶበታል ማለት ነውና። «ሕመምተኛና አቅመ ደካማ ምድር ቤት ነው የሚመደበው። የሐኪም ማስረጃ ከኛው ይወስዳሉ» አለቻቸው።

በዚያን ጊዜ ባለቤታቸው ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። «ምን እያወራችሁ ነው አጎንብሳችሁ?»

«ስለ እናቴ» አሉ ጋሽ ውኃልክ፤ ተነሥተውም ክንዳቸውን ያዟቸው።

በማግስቱ ባልና ሚስት መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፉ። ያ ደላላ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰልፉን ሲዞር አገኛቸውና፣ «አባባ፣ እዚህ ምን ያቆምዎታል? በአቋራጭ ልውሰድዎ» አለ። ጋሽ ውኃልክ ከእግር እስከ ራሱ ለኩትና፣ «ልጄ፣ በአቋራጭ የተሠራ በር አይገጥምም» አሉት። ሰልፈኛው ሳቀ፤ ደላላው ሌላ ሰልፍ ፍለጋ ሄደ። የፈሩት መጉላላት አልነበረም። አንዲት ጸሐፊ መታወቂያቸውን አይታ የሁለቱንም ስም አስገባችና ቁጥር ሰጠቻቸው። «ይኸው ነው?» አሉ ጋሽ ውኃልክ። «ይኸው ነው አባቴ፤ የቀረው ለቅድሚያ ክፍያው መቆጠብ ነው» አለቻቸው። ይህን ያህል ዘመን የሸሹት ነገር ሻይ ፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አልፈጀም።

ቤቱ እስኪገኝ ግን ሳንባ አይጠብቅምና፣ ነርሷ ባለው ቤት መደረግ የሚችለውን አስተማረቻቸው። አልጋው ከግድግዳው ራቀ፤ መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ተከፈተ፤ የእንጨቱ ብናኝ እንዳይገባ ሥራው ወደ በረንዳ ወጣ፤ ፍራሹ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ፀሐይ መታው። ሳሉ ጨርሶ ባይተውም ረገብ አለ።

ከተመዘገቡ በኋላ የመጀመሪያው ዕጣ ወጣ። ጋሽ ውኃልክ ነርሷን አስከትለው አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀመጡ፤ ማጭበርበር ካለ በዓይናቸው ሊይዙት ነው። ሁሉም የሚያየው የመስተዋት በርሜል መድረኩ ላይ ቆሟል። ዕጣ አውጪው ማየት የተሳናቸው አዛውንት ነበሩ። በርሜሉ ይዞራል፣ አዛውንቱ እጃቸውን ይሰዳሉ፣ የወጣው ቁጥር ይነበባል። አንዴ እልልታ ከኋላ፣ አንዴ ከጎን ይሰማል። የደረሳቸውን ሰዎች ጋሽ ውኃልክ በየተራ አዩአቸው፤ ጫማ ጠጋኝ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ልጅ ያዘለች ሴት። ባለ ከረባት ፈልገው አጡ። የሳቸውም ቁጥር አልወጣም፤ የነርሷም አልወጣም።

ወደ ቤት ሲመለሱ እግራቸው ከበደ። የሚፈሩት የባለቤታቸውን ፊት ነበር። በሩን ከፍተው ቆሙ።

«አልወጣም?» አሉ ባለቤታቸው።

«አልወጣም።»

«ስማችን ግን አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ግባና ዳቦህን ብላ፤ ሻዩ ሊቀዘቅዝ ነው።»

ጋሽ ውኃልክ ተቀመጡ፤ በሉ፤ ጠጡ። ዕድሜ ልካቸውን የሸሹት ነገር፣ ሰው ፊት ዕጣ ሳይወጣላቸው መቅረት፣ ደርሶባቸው አለፈ። ሰማይ አልወደቀም፤ ሚስታቸው አልናቋቸውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ደረታቸው ላይ የተቀመጠ አንድ ከባድ ነገር ዳቦው ሳያልቅ ተነሣላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱን ከማግኘታቸው በፊት ዕረፍቱን አገኙ።

በሚቀጥለው ዓመት እዚያው አዳራሽ እንደገና ተቀመጡ። ቁጥር ተነበበ፤ ሰሌዳው ላይም ተጻፈ። ጋሽ ውኃልክ ከጎናቸው ካለ ሰው ጋር ስለ አዳራሹ ጣሪያ አሠራር ይጫወቱ ነበር።

«ጋሼ!» ነርሷ እጅጌያቸውን ጎተተች። «የእርስዎ ነው!»

«ተሳስተሽ ነው።»

«ራስዎ ያንብቡት እንጂ!»

ቢያነቡት የራሳቸው ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ፤ እንደገና አወለቁ። «እናቴ ድረሽ» አሉ እንደ ሕፃን፤ እንባቸውም በጺማቸው ላይ ወረደ። ዕጣው ተጠናቅቆ ሰዉ ሲነሣ ግን ደነገጡ። «የአንቺስ?» አሉ።

ነርሷ እየሳቀች ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው ጋሼ። ሮጠው ለእትዬ ይንገሯቸው።»

ባለቤታቸው ዜናውን ሲሰሙ እልል አላሉም። ቀስ ብለው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና፣ «ከእንግዲህ ውጡ የሚለን የለም?» ብለው ጠየቁ። «የለም» አሏቸው። «ማንም?» «ማንም።» ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ምድር ቤት የደረሳቸው አፓርታማ ትንሽ ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሳሎን፣ ለብቻው መጸዳጃ ቤት። ግድግዳው ደረቅ ነው፤ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው። ከላይ የሚኖሩት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጣሪያው ላይ ይሯሯጣሉ። እናታቸው በመጀመሪያው ሳምንት ወርዳ፣ «ልጆቼ አስቸገሯችሁ ይሆን?» ብላ ይቅርታ ስትጠይቅ ጋሽ ውኃልክ ኮስተር ብለው «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለዋት ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ልጆቹ ዝም ያሉ ዕለት፣ «ምነው ዛሬ? አሟቸው ይሆን? ውጪና እዪ እስቲ» ብለው ባለቤታቸውን መላክ ጀመሩ። የተነቃነቀውን የደረጃ መደገፊያ አጠበቁ፤ ነዋሪው ደረጃውን በተራ እንዲያጥብ አስማሙ፤ በስተመጨረሻ የሕንፃው ኮሚቴ አባል ተደርገው ተመረጡ። መሳቢያ ያሉትን ቤት ዛሬ ሰው ቢነቅፍባቸው ይቆጣሉ።

አንድ እሑድ ነርሷ ልትጠይቃቸው መጣች። ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አውጥታ የባለቤታቸውን ደረት ከፊትም ከኋላም አዳመጠች። ጋሽ ውኃልክ ራሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ምንም የለበትም።»

ሦስቱም ባንድ ላይ ተነፈሱ፤ ባንድ ላይም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ጋሽ ውኃልክ የልጅቷ ፊት እንደ ከሳ አስተዋሉ።

«ምን ሆነሻል?»

«አይ፣ ምንም። አከራያችን ልቀቁ ብለውናል። እኔም አሁንስ ሰለቸኝ ጋሼ። ስሜን ላሰርዝ ነው። ሰው ስንት ጊዜ ይጠብቃል? ምናልባት የኔ ዕድል ...»

«ዝም በይ!» አሉ ጋሽ ውኃልክ። ቁጣቸው ለራሳቸውም አስደነገጣቸው፤ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ይህን ቃል ካንቺ አፍ አልሰማም። ዕድል የለኝም እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳተረፈልኝ ታውቂያለሽ፤ ርጥብ ግድግዳ። እኔ ቀድሜ ብመዘገብ ኖሮ ይህች ሴት ያን ሁሉ ክረምት ባልሳለች። አሁን ተመልከቺ። ደረቅ ቤት መድኃኒት ነው፤ ለሐኪም የምናወጣው ቀረ። ማንም አያስለቅቀንምና ደንበኞቼ የት እንዳለሁ ያውቃሉ፤ ሥራ ፈልጎኝ ይመጣል። ለኪራይ ይሄድ የነበረው የገዛ ቤታችንን ዕዳ ይከፍላል፤ የምናልፍ ዕለት እንኳ ለሰው የምንተወው አለን። ጎረቤቴን በስሙ አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ጠዋት ተሰልፎ መመዝገብ፣ ከዚያም ሳይሰለቹ መጠበቅ ነው። አንቺው ያስተማርሽኝን አንቺው ልትረሺው?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ሲርገበገብ ጋሽ ውኃልክ ታለቅሳለች ብለው ደነገጡ። እሷ ግን ትስቅ ነበር።

«በገዛ ቃሌ ረቱኝ ጋሼ። እሺ፤ አላሰርዝም።»

ምክር እንዲህ ነው፤ ለሰው የሰጡት ምክር በክፉ ቀን ወደ ሰጪው ተመልሶ ይመጣል። መልካም ምክር ሰምቶ የተጠቀመም ሰው፣ ለሌላው ካላካፈለው ገና ግማሹን ነው የሰማው።

ይህ ሁሉ ሲባል ባለቤታቸው ከሳሎኑ ጠፍተው ነበር። ከትንሿ ክፍል የተቆለለ ዕቃ ሲጎተት፣ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። ቀጥሎ አቧራቸውን እያራገፉ ብቅ አሉ።

«አልጋ አውጥቼልሻለሁ፤ አንሶላው ንጹሕ ነው። ነገ ሻንጣሽን ይዘሽ ነዪ» አሏት።

«እትዬ፣ እንዴት ተብሎ! እናንተ ላይ ሸክም ...»

«ሸክማችንን በዝናብ የተሸከምሽው አንቺ አይደለሽ!» አሉ ባለቤታቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ዕጣው እስኪወጣልሽ እኛ ወጥተንልሻል።»